ሉሙምባን ወደ ካታንጋ የላከው ማን ነው?

ጠያቂያችን የላኩት ጥያቄ ይህ ነው፦ «ፓትሪስ ሉሙምባን ያስገደለው ሲአይኤ ነው የሚሉ አሉ፤ ቤልጅየም ናት የሚሉም አሉ፤ ሞቡቱ ነው የሚሉም አልጠፉም። ትክክለኛው የትኛው ነው? የተገደለውስ ኮሚኒስት ስለነበረ ነው ወይስ በካታንጋ ዩራኒየም ምክንያት?»

ሦስቱም ስሞች በመዝገቡ ውስጥ ይገኛሉ፤ የተጠያቂነታቸው ዓይነትና መጠን ግን አንድ አይደለም። በዚህ ጉዳይ የሚደረጉ ክርክሮች መቋጫ የሚያጡት፣ የኮንጎን የመጀመሪያ ጠቅላይ ሚኒስትር ሉሙምባን መጥላት፣ ሊገድሉት ማሰብ፣ ለገዳዮቹ አሳልፎ መስጠትና በላዩ ላይ መተኮስ አራት የተለያዩ ድርጊቶች መሆናቸው ስለሚዘነጋ ነው። በእኔ አስተያየት ከአራቱ ጉዳዩን የሚፈታው ሦስተኛው ነው፤ ማለትም ጥር 9 ቀን 1953 ዓ.ም እስረኛውን አውሮፕላን ላይ አሳፍሮ ከኮንጎ ወደተገነጠለችው ግዛት ወደ ካታንጋ የላከው ውሳኔ። ያ ቀን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጃንዋሪ 17 ቀን 1961 ሲሆን፣ ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ቀኖች ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድሜ ስለ ምክንያቱ ልበል። ኮንጎ ጁን 30 ቀን 1960 ከቤልጅየም ነፃነቷን ስታውጅ፣ በሜይ በተካሄደው ምርጫ ከ137 የምክር ቤት መቀመጫዎች 33ቱን ያገኘው የሉሙምባ ፓርቲ ትልቁ ነበር፤ ብቻውን መንግሥት መመሥረት ግን አይችልም ነበር። ስለዚህ በጥምረት ጆሴፍ ካሳቩቡ ፕሬዚዳንት፣ ሉሙምባ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። በነፃነቱ ሥነ ሥርዓት ላይ ንጉሥ ቦድዋን የቅድመ አያታቸውን ወንድም የዳግማዊ ሌኦፖልድን ሥራ አሞግሰው ከተናገሩ በኋላ፣ ሉሙምባ በፕሮግራሙ ያልተያዘ ንግግር አድርጎ ሕዝቡ የተቀበለውን ግርፋት፣ ስድብና የጉልበት ሥራ በንጉሡ ፊት ዘረዘረ። «ሞቱ የተፈረደበት በዚያ ንግግር ነው» የሚለው አባባል ብዙ ጊዜ ይደገማል። እኔ አልቀበለውም። ንግግሩ ብራስልስን አስቆጥቷል፤ ነገር ግን ከቁጣው በኋላ የመጡት ውሳኔዎች ስሌት የነበረባቸው እንጂ የተሰደበ ሰው በቀል አይመስሉም።

ስሌቱ ያለው ካታንጋ ላይ ነው። ከነፃነቱ ቀን ገና ሳምንት ሳይሞላ፣ በጁላይ 5፣ የጦሩ አዛዥ ጄኔራል ያንሰንስ በጥቁር ሰሌዳ ላይ «ከነፃነት በፊት ያለው ከነፃነት በኋላ ካለው ጋር እኩል ነው» የሚል ጽፈው ለወታደሮቻቸው አሳዩ፤ ወታደሩም በቤልጅየማዊ መኮንኖቹ ላይ አመፀ። በጁላይ 10 የቤልጅየም ጦር ያለ ኮንጎ መንግሥት ፈቃድ ገባ፤ በማግሥቱ የካታንጋው መሪ ሞይስ ቾምቤ ግዛቱን ገንጥያለሁ አለ። የካታንጋ መዳብና ኮባልት በዩኒየን ሚኒዬር ኩባንያ እጅ ነበር፤ ኩባንያው ግብሩን በዋና ከተማዋ በሌኦፖልድቪል (በዛሬዋ ኪንሻሳ) ላለው መንግሥት መክፈሉን ትቶ ለቾምቤ መክፈል ጀመረ። የቾምቤን ጦርና ፖሊስ የሚመሩትም ቤልጅየማውያን ነበሩ። ሉሙምባ በዚህ ነገር ላይ አንዲት ጋት አላፈገፈገም። አንድ ኮንጎ ማለት በእርሱ ዘንድ ካታንጋን የጨመረች ኮንጎ ማለት ነበረች፤ እርሱ በሥልጣን እስካለ ድረስ፣ ወይም ወደ ሥልጣን የመመለስ ዕድል እስካለው ድረስ፣ የካታንጋ ነገር የተረጋገጠ ሊሆን አይችልም ነበር።

ዩራኒየሙን በተመለከተ ጠያቂያችን የሰሙት ነገር መሠረት የሌለው አይደለም፤ ለመጀመሪያዎቹ አቶሚክ ቦምቦች የዋለው ዩራኒየም በብዛት የወጣው በካታንጋ ካለው የሺንኮሎብዌ ማዕድን ነው። ሆኖም ይህ የ1940ዎቹ ታሪክ ነው። በ1960 ማዕድኑ ተዘግቶ ነበር፤ አሜሪካም ሌሎች ምንጮች አግኝታ ነበር። ስለዚህ የግድያውን ምክንያት በዩራኒየም ብቻ የሚያስረዳ ሰው ሃያ ዓመት ወደ ኋላ ቀርቷል እላለሁ።

ኮሚኒስትነቱስ? ሉሙምባ በጁላይ መጨረሻ የሄደው ወደ ዋሽንግተን እንጂ ወደ ሞስኮ አልነበረም። ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር አላገኙትም፤ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ባለሥልጣናት የሚፈልገውን እርዳታ በተባበሩት መንግሥታት በኩል እንዲጠይቅ ነገሩት። የተባበሩት መንግሥታት ጦር ደግሞ የካታንጋን መገንጠል በኃይል ለማስቆም ፈቃደኛ አልነበረም። ሶቪየት ኅብረት አውሮፕላኖችና የጭነት መኪናዎች የላከችለት ከዚያ በኋላ ነው። በዚያ ኦገስት በሌኦፖልድቪል የሲአይኤ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ የነበረው ላሪ ዴቭሊን ወደ ዋሽንግተን በላከው ቴሌግራም፣ ሉሙምባ እውነተኛ ኮሚኒስት ይሁን ወይም የኮሚኒስቶችን ጨዋታ ብቻ ይጫወት፣ ውጤቱ ያው ነው የሚል ሐሳብ አስፍሯል። ለእኔ የአሜሪካ ዓላማ የሚገለጠው በዚህች ዐረፍተ ነገር ነው፤ የሰውየው እምነት ምን እንደሆነ ማጣራት እንኳ አስፈላጊ ሆኖ አልታያቸውም።

የአሜሪካው ሴራ በ1975 በሴናተር ፍራንክ ቸርች የተመራው የሴኔት ኮሚቴ ባደረገው ምርመራ በዝርዝር ወጥቷል። ኦገስት 18 ቀን 1960 በተደረገው የብሔራዊ ደኅንነት ምክር ቤት ስብሰባ ላይ ማስታወሻ ይይዝ የነበረው ሮበርት ጆንሰን፣ አይዘንሃወር ሉሙምባ እንዲገደል ያዘዙ የሚመስል ቃል ሲናገሩ መስማቱን መስክሯል፤ በስብሰባው ከነበሩት ሌሎች ይህን ያላስታወሱ አሉ። ከስምንት ቀን በኋላ የሲአይኤ ዳይሬክተር አለን ደለስ የሉሙምባ መወገድ «አስቸኳይና ቀዳሚ ዓላማ» መሆን እንዳለበት ለዴቭሊን ጻፉ። በሴፕቴምበር መጨረሻ የመሥሪያ ቤቱ ኬሚስት ሲድኒ ጎትሊብ መርዝ ይዞ ሌኦፖልድቪል ገባ። መርዙ በምግብ ወይም በጥርስ ሳሙና እንዲሰጥ ታስቦ ነበር። ሉሙምባ በዚያን ጊዜ በቤቱ ተከብቦ ስለነበር ወደ ማዕድ ቤቱ የሚደርስ ሰው አልተገኘም፤ ዴቭሊንም መርዙን በኋላ ኮንጎ ወንዝ ውስጥ እንደጣለው ተናግሯል።

ሰው ይህን የመርዝ ታሪክ ይወደዋል፤ ሰላይ አለበት፣ ኬሚስት አለበት፣ የጥርስ ሳሙና አለበት። ነገር ግን ሉሙምባ የሞተው በመርዝ አይደለም። ጃንዋሪ 19፣ ግድያው ከተፈጸመ ከሁለት ቀን በኋላ፣ በካታንጋ ዋና ከተማ በኤሊዛቤትቪል የነበረው የሲአይኤ ቢሮ ለዋናው መሥሪያ ቤት በላከው ቴሌግራም «ስለ ፓትሪስ እናመሰግናለን፤ መምጣቱን ብናውቅ ኖሮ እባብ እንጋግርለት ነበር» ሲል ተሳልቋል። ቀልዱ ጨካኝ ነው፤ እንደ ማስረጃ ግን ዋጋ አለው፤ በካታንጋ ያሉት የሲአይኤ ሰዎች እስረኛው እንደሚመጣ አስቀድመው እንዳላወቁ ያሳያልና። ዴቭሊን ግን ያውቅ ነበር። የማዛወሩን እቅድ የኮንጎ ባለሥልጣን በጃንዋሪ 14 ነግሮት ነበር፤ ይህን ሰምቶ ለማስቆም ያደረገው ነገር አልተገኘም። የሴኔቱ ኮሚቴ አሜሪካ ለመግደል ማሴሯን አረጋግጦ፣ በተፈጸመው ግድያ እጇ እንዳለበት የሚያሳይ ማስረጃ አላገኘም። ይህ ድምዳሜ በቃላቱ ትክክል ነው፤ ሆኖም የጦር መኮንኑን ሞቡቱን በገንዘብና በምክር ያቆሙት እነዚሁ ሰዎች መሆናቸውን አንርሳ።

ወደ ቤልጅየም ስንመጣ ሰነዱ እየጠነከረ ይሄዳል። ሴፕቴምበር 5 ካሳቩቡ ሉሙምባን በሬዲዮ ከሥልጣን ሻሩት፤ ሉሙምባም በተራው ካሳቩቡን ሻረ፤ በሴፕቴምበር 14 ኮሎኔል ሞቡቱ ሁለቱንም ገለል አድርጌአለሁ ብሎ ሥልጣን ያዘ፤ ከካሳቩቡ ጋር ግን ወዲያው ታረቀ። በዚህ ጊዜ ሉሙምባ ከሥልጣኑ ወርዷል፤ ይሁን እንጂ ኦክቶበር 6 የቤልጅየም የአፍሪካ ጉዳዮች ሚኒስትር አስፕሬሞን ሊንደን ወደ ኤሊዛቤትቪል በላኩት ቴሌግራም ለኮንጎ፣ ለካታንጋና ለቤልጅየም ሲባል ዋናው ግብ የሉሙምባ «የመጨረሻ መወገድ» ነው አሉ። ቃሉ አከራካሪ ነው። የቤልጅየም ፓርላማ አጣሪ ኮሚሽን በ2001 ባወጣው ሪፖርት፣ ቃሉ በዚያ ቀን የግድ መግደልን ያመለክታል ማለት አይቻልም ብሏል። እኔም በአንዲት ቃል ላይ ሙሉ ክስ ለማቆም አልደፍርም፤ ግን ከሥልጣን የወረደን ሰው እንደገና «በመጨረሻ» ማስወገድ ምን ማለት እንደሆነ ሚኒስትሩ ራሳቸው ማስረዳት ነበረባቸው። በዚያው ወር የቾምቤ ወታደራዊ አማካሪ ሻለቃ ጊ ዌበር ለቤተ መንግሥቱ በጻፈው ደብዳቤ፣ ሞቡቱና ቾምቤ ሉሙምባን ቢቻል በአካልም ጭምር ከመንገድ ለማስወጣት መስማማታቸውን ጠቅሷል። ደብዳቤው ለንጉሡ ደርሷል፤ ንጉሡም ለመንግሥታቸው አላስተላለፉትም። ይህን የጻፈው ያው ኮሚሽን ነው።

አሁን ወደ ኮንጎዎቹ እንምጣ፤ ምክንያቱም ብዙ ተንታኞች የውጭ ሰዎችን ብቻ እየቆጠሩ ሌኦፖልድቪል የነበሩትን በነፃ ያሰናብቷቸዋል። ኖቬምበር 22 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ የካሳቩቡን ልዑካን ሕጋዊ ወኪል አድርጎ ተቀበለ። ሉሙምባ በዋና ከተማው ተስፋ ስለቆረጠ በኖቬምበር 27 ሌሊት በዝናብ ከቤቱ ወጥቶ ደጋፊዎቹ ወደነበሩበት ወደ ስታንሌይቪል ጉዞ ጀመረ። ሎዲ በምትባል ቦታ የሳንኩሩን ወንዝ በታንኳ ተሻግሮ ነበር፤ ሚስቱ ፖሊንና ትንሹ ልጁ ሮላን ግን በወዲያኛው ዳር ቀርተው ስለነበር ለእነርሱ ሲል መመለሱ ይተረካል። የሞቡቱ ወታደሮች በዚያ ያዙት። በአካባቢው ለነበሩት የተባበሩት መንግሥታት ወታደሮች የተሰጣቸው መመሪያ ጣልቃ አትግቡ የሚል ነበር። ቲስቪል በሚገኘው የጦር ካምፕ ታሰረ፤ በአዲስ አበባ የታኅሣሡ ግርግር ሲፈነዳ ሉሙምባ እዚያ ክፍል ውስጥ ነበር።

ለምን በጃንዋሪ? የግድያው ምክንያት በጥርት የሚታየው ቀኑ ሲጠየቅ ነው። ሉሙምባ በእስር ቤት ሳለ ወገኖቹ እየደከሙ ሳይሆን እየበረቱ ነበር። ምክትሉ የነበረው አንቷን ጊዜንጋ ስታንሌይቪል ላይ መንግሥት አቁሟል፤ ወታደሮቹ በገና ሰሞን ቡካቩን ያዙ፤ በጃንዋሪ መጀመሪያ ሰሜን ካታንጋ ውስጥ ማኖኖ ደረሱ። ጃንዋሪ 13 የቲስቪል ወታደሮች በደመወዝ ምክንያት አመፁ፤ ከእስረኛው ጋር ሊቆሙ ይችላሉ የሚል ፍርሃት ስለነገሠ ካሳቩቡ፣ ሞቡቱ፣ የውጭ ጉዳይ ኃላፊው ቦምቦኮና የደኅንነት ሹሙ ኔንዳካ በአውሮፕላን እዚያው ሄደው ለወታደሮቹ ገንዘብ ቃል ገቡ። በዚያው ቀን ዴቭሊን ለዋሽንግተን መንግሥቱ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሊወድቅ ይችላል፣ ሉሙምባም ሊመለስ ይችላል ሲል ጻፈ። በዋሽንግተን ደግሞ ኬኔዲ ሊሾሙ አንድ ሳምንት ቀርቷቸው ነበር፤ አዲሱ አስተዳደር ለሉሙምባ ይለዝብ ይሆን የሚለው ስጋት በሌኦፖልድቪል ምን ያህል እንደከበደ ለመመዘን ያስቸግራል፣ ቀላል ግን አልነበረም። ስለዚህ ሉሙምባ የተገደለው ተሸንፎ ስለነበረ አይደለም፤ ሽንፈቱ ሊገለበጥ ስለሚችል ነው።

የተመረጠው መፍትሔ እስረኛውን ደሙን ወደሚፈልጉ ሰዎች ማዛወር ነበር። መጀመሪያ የታሰበው ባኳንጋ ነው፤ በደቡብ ካሳይ። በዚያ ያለው አልቤር ካሎንጂ የሉሙምባ ጦር በኦገስት በሉባ ሕዝብ ላይ የፈጸመውን እልቂት ሊበቀል የሚፈልግ ሰው ነበር። በባኳንጋ አውሮፕላን ማረፊያ የተባበሩት መንግሥታት ወታደሮች ስለነበሩ መድረሻው ኤሊዛቤትቪል ሆነ። ጃንዋሪ 16 አስፕሬሞን ሊንደን በኤሊዛቤትቪል ለቤልጅየም ቆንስላ በላኩት ቴሌግራም፣ ቾምቤ ሉሙምባን በተቻለ ፍጥነት እንዲቀበል በግል እንደሚያሳስቡ ገለጹ። እነዚህ ሰዎች የሞት ፍርድ የሚባል ወረቀት መፈረም አላስፈለጋቸውም። ካሳቩቡና ሞቡቱ «አዛወርን» ሊሉ ይችላሉ፤ ብራስልስ «መክረናል» ልትል ትችላለች፤ ቾምቤም «ሳይጠየቅ ተላከብኝ» ሊል ይችላል፤ ኋላም ብሏል። ሁሉም እሳቱን በሌላው እጅ ጨበጠው።

በማግሥቱ ሉሙምባ፣ የወጣቶችና ስፖርት ሚኒስትር የነበረው ሞሪስ ምፖሎና የኮንጎ ሴኔት ምክትል ፕሬዚዳንት ጆሴፍ ኦኪቶ ከሞአንዳ በዲሲ-4 አውሮፕላን ተጫኑ። በጉዞው ሁሉ አጃቢዎቹ ስለደበደቧቸው የአውሮፕላኑ ሠራተኞች ማየት አቅቷቸው የኮክፒታቸውን በር ዘጉ። አመሻሽ ላይ ሉዋኖ ወደሚባለው የኤሊዛቤትቪል አውሮፕላን ማረፊያ ሲደርሱ፣ እርስ በርሳቸው ታስረውና ዓይናቸው ተሸፍኖ በሰደፍ እየተመቱ ሲወርዱ፣ በማረፊያው የነበሩ ጥቂት የስዊድን ሰላም አስከባሪ ወታደሮች ከሩቅ አይተዋል። ብሩዌዝ ወደሚባለው ቪላ ተወሰዱ፤ እዚያም የካታንጋ ሚኒስትሮች እየመጡ አዩዋቸው፣ ደበደቧቸውም። ከመሸ በኋላ በመኪና ከከተማው ሃምሳ ኪሎ ሜትር ያህል ወጣ ብሎ ወደሚገኝ ቁጥቋጦ ተወሰዱ። የረሻኞቹ አዛዥ ቤልጅየማዊው ሻምበል ጁልየን ጋት ነበር፤ እስረኞቹን አንድ በአንድ ወደ ዛፉ የመራቸው ደግሞ የፖሊስ ኮሚሽነሩ ፍራንስ ፈርስኹረ። ቾምቤና የአገር ውስጥ ሚኒስትሩ ሙኖንጎ ከሌሎች ሚኒስትሮች ጋር ቆመው ይመለከቱ ነበር። በቅድሚያ ኦኪቶ፣ ቀጥሎ ምፖሎ፣ በመጨረሻ ሉሙምባ ተረሸኑ። ፈርስኹረ በማስታወሻ ደብተሩ ላይ «9.43፣ ኤል. (L.) ሞተ» ብሎ ጻፈ። የሰውየው ሙሉ ስም እንኳ አልተጻፈም።

ሬሳዎቹ ከቀናት በኋላ ተቆፍረው ወጡ፤ ቤልጅየማዊው የፖሊስ መኮንን ዤራር ሱት ከወንድሙ ጋር ሆኖ ቆራርጦ በሰልፈሪክ አሲድ አሟሟቸው። ካታንጋ በፌብሩዋሪ 13 ያወጣችው መግለጫ እስረኞቹ አምልጠው በመንደር ሰዎች ተገደሉ የሚል ነበር፤ ሙኖንጎ ለጋዜጠኞች፣ ገደላችኋቸው ብላችሁ ከከሰሳችሁን «አረጋግጡ» እላችኋለሁ ብሏል። ከአንድ ዓመት ባነሰ ጊዜ የተባበሩት መንግሥታት አጣሪ ኮሚሽን ይህን ታሪክ ውድቅ አደረገ፤ ስለ ተኳሹ ማንነት ግን ተሳስቶ ነበር፣ ምክንያቱም የካታንጋ ሰዎች ለመርማሪዎቹ በሩን ስለዘጉባቸው። ሞቡቱ በበኩሉ በ1966 ሉሙምባን «ብሔራዊ ጀግና» ብሎ ሾመው።

ስለዚህ የጥያቄው መልስ በእኔ ግምገማ የሚከተለው ነው። መግደልን በመጀመሪያ በመንግሥት ደረጃ ያቀዱትና መሣሪያውን የላኩት አሜሪካኖች ናቸው፤ አልተሳካላቸውም፣ ኋላም እያወቁ ዝም ብለዋል። አሳልፈው የሰጡት ካሳቩቡ፣ ሞቡቱ፣ ኔንዳካና ጓደኞቻቸው ናቸው። የማዛወሩን ግፊት ያደረገችው፣ የተረሸኑበትን ጦርና ፖሊስም በመኮንኖቿ ያቆመችው ቤልጅየም ናት። ትእዛዙን በዚያች ሌሊት የሰጡት ቾምቤና ሚኒስትሮቹ ናቸው። አንዱን ብቻ መርጦ «ይህ ነው ገዳዩ» ማለት የሌሎቹን ጠበቃ መሆን ነው።

የ2001ዱ ኮሚሽን ለአንዳንድ የቤልጅየም ሚኒስትሮችና ዜጎች የሰጠው ስያሜ «የሞራል ተጠያቂነት» የሚል ነበር፤ መንግሥትም በ2002 ይቅርታ ጠየቀ። የሉሙምባ ልጆች ግን በ2011 ብራስልስ ውስጥ ክስ መሠረቱ። ሱት በሕይወት ሳለ ለማስታወሻ ይዤው ነበር ያለው የሉሙምባ ጥርስ በ2016 በፍርድ ቤት ትእዛዝ ተይዞ በጁን 2022 ለቤተሰቡ ተመለሰ፤ በነፃነቱ ቀን ኪንሻሳ ውስጥ ተቀበረ። በጁን 2025 የቤልጅየም ፌዴራላዊ ዐቃቤ ሕግ በሕይወት የቀሩት የመጨረሻው ተከሳሽ፣ በ1960 ወጣት ዲፕሎማት የነበሩ ሰው፣ ለፍርድ እንዲቀርቡ ጠይቋል፤ እርሳቸው ክሱን አልተቀበሉትም። የክሱ ቃል የመግደል ሐሳብን አይጨምርም። የሚለው እስረኛን ከሕግ ውጪ አስሮ ማቆየትና ማዛወር፣ ፍትሐዊ ችሎት መንፈግና አዋራጅ አያያዝ ነው።